ሰነፍ ነው ወይስ ደክሞት ነው?

ስልኬ ውስጥ አንድ የቆየ ቪዲዮ አለ፣ ከስልክ ስልክ ሲገለበጥ ጥራቱ የሞተ። ጓደኛዬ ከተመልካች መቀመጫ ሆኖ የቀረጸው ነው። የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነው፣ አራተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ኳርተር ላይ ነን፣ ኳሱን ይዤ በሁለት ሰው መሀል እገባለሁ፣ ሌይአፕ (ሪንጉ ስር ደርሶ ማስገባት) እሞክራለሁ፣ እስታለሁ፣ ወለሉ ላይ ተዘርሬ እቀራለሁ። ይሄ ምንም አይደል፣ የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያለው ነው። በኔ ትዝታ ወዲያው ተነስቼ እንደ እብድ እየሮጥኩ ተመልሻለሁ፣ ለሰውም እንደዛ ብዬ ነው የማወራው፣ ቪዲዮው ላይ ግን የሚሮጥ ሰው የለም። እጁን ወደ ዳኛው የዘረጋ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዳል፣ ቀና ሲል እሱ መያዝ የነበረበት ልጅ በሌላኛው ሪንግ ስር ብቻውን አግብቶ እየተመለሰ ነው።

በዛን ቀን አሰልጣኛችን ሰው ሁሉ እየሰማ "ሰነፍ" አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። በኔ ሂሳብ እኮ ከቡድኑ ውስጥ እንደኔ የለፋ የለም፣ ኳስ የሚያመጣው ሁለተኛው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ከወጣ ጀምሮ ኳሱን ከኛ ሪንግ እስከ እነሱ ድረስ የማደርሰው እኔ፣ ጨዋታ የምጠራው እኔ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል "እንካ አንተው ጨርሰው" ተብሎ የሚወረወርልኝም እኔ። ታዲያ እንዴት ነው ሰነፍ የምሆነው?

ጥያቄው እስካሁን አለቀቀኝም። ኤንቢኤ (የአሜሪካውን ሊግ) ሳይ አይኔ ኳሱ ጋ አይደለም የሚሄደው፣ ኳሱን ሲያመላልስ የቆየው ፖይንት ጋርድ (ኳስ አምጪው) ኦፌንሱ (ማጥቃቱ) ካለቀ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ነው የማየው። መጥፎ ሱስ ነው፣ አብሮኝ የሚያይ ሰው ይበሳጫል።

የ2024ቱን ፋይናልስ፣ የዋንጫውን ግጥሚያ፣ ያየ ሰው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የዳላሱ ሉካ ዶንቺች ላይ የወረደውን ውርጅብኝ ያስታውሳል። በዛ ሲዝን በአማካይ 33.9 ነጥብ አስቆጥሮ ሊጉን የመራ ሰው ነው፣ የዳላስ ኦፌንስ ካይሪ ኧርቪንግ ቢኖርም ዞሮ ዞሮ በሉካ እጅ ነው የሚያልፈው፣ ፋይናልሱ ላይ ደግሞ ደረቱም ጉልበቱም ተጎድቶ ነው የገባው። ተጋጣሚዎቹ ቦስተኖች ገና ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ እሱ ያለበትን እየፈለጉ ማጥቃት ጀመሩ፣ ኳስ የያዘው ተጫዋች ሉካን ፊቱ ሲያገኘው በቃ እንደ ክፍት በር ነው የሚያየው። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ዳላስ ከ21 ነጥብ ልዩነት ተነስቶ ሊደርስባቸው ጫፍ ላይ እያለ፣ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሲቀር ሉካ ስድስተኛ ፋውሉን ሰርቶ ወጣ። 106 ለ99 ተሸነፉ፣ ዋንጫውም 4 ለ1 ሄደ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ዳላስ ሉካን ለሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ሲወስድ ሀላፊው የሰጠው ምክንያት ዲፌንስ (መከላከል) ነው ዋንጫ የሚያመጣው የሚል ነበር፣ ስለሱ ብዙ ተብሏል እኔ አልጨምርበትም። እኔን የነካኝ ቃሉ ነው። ሁሉም ሰው የተጠቀመው ያንኑ ቃል፣ ሰነፍ።

እና ልከራከርለት ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ለራሴም ጭምር። ግን ነገሩን እያየሁት ስሄድ ክርክሩ እንዳሰብኩት ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ ጫናውን በምን እንደምንለካው እንይ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ዩሴጅ ሬት የሚባለውን ነው፣ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እያለ የቡድኑ ኦፌንስ ምን ያህሉ በሱ እጅ እንዳለቀ የሚናገር ቁጥር፣ ወይ ሹት ሞክሮ ወይ ፍሪ ትሮው አግኝቶ ወይ ኳሱን አጥፍቶ። አምስቱም እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሰዋል። ራስል ዌስትብሩክ በ2016-17 ኬቪን ዱራንት ትቶት ከሄደ በኋላ 41.7 በመቶ ደርሷል፣ ያ እስካሁን ድረስ የሲዝን ሪከርድ ነው፣ 31.6 ነጥብ 10.7 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) 10.4 አሲስት (ጓደኛ ያገባው ፓስ) እያመጣ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆኗል። ጄምስ ሃርደን በ2018-19 በአማካይ 36.1 ነጥብ ሲያስቆጥር እሱም ከ40 በላይ ነበር።

ግን ይሄ ቁጥር የሚቆጥረው የኦፌንሱን መጨረሻ ብቻ ነው። ኳስ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ድካሙ እዛ እንዳልሆነ ያውቃል። አንዱ ጀርባህ ላይ ተለጥፎ፣ ክርኑ ወገብህን እየቆረቆረህ፣ በ8 ሰከንድ ግማሽ ሜዳውን ማለፍ አለብህ፣ አልፈህ ደግሞ ስክሪን (ጓደኛህ ጠባቂህን በሰውነቱ እንዲዘጋልህ) ትጠራለህ፣ አይሆንም፣ ትመለስና ሌላ ትጠራለህ፣ ሁለት ሰው ይመጣብሃል፣ ኋላ ኋላ እያልክ ድሪብል ታደርጋለህ፣ በመጨረሻ ለጓደኛህ ትሰጠዋለህ እሱ ያገባል። ይሄ ሁሉ ዩሴጅህ ላይ ዜሮ ነው። አሲስት ሆኖ ቢመዘገብልህ እንኳን እዛ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዩሴጁ መካከለኛ የሆነ ግን በድካም የሞተ ፖይንት ጋርድ አለ፣ ዩሴጁ ከፍ ያለ ግን ኳሱን ሌላ ሰው እያመጣለት ትንፋሹን የሚቆጥብም አለ።

ይሄን ደግሞ ተጋጣሚ ጠንቅቆ ያውቃል። በ2025 ኢንዲያና እስከ ፋይናልስ የደረሰችው ኳስ የሚያመጣውን ሰው ሙሉ ሜዳውን እየተከተለች በማድከም ጭምር ነው። አንድሩ ኔምባርድና ጓደኞቹ የኦክላሆማውን ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደርን ገና ከራሱ ሪንግ ጀምረው ይለጠፉበት ነበር፣ ኳሱን የመንጠቅ ተስፋቸው ትንሽ ነው፣ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ አሁን የወሰዱበትን ትንፋሽ በአራተኛው ኳርተር ሊያገኙት ነው። ኦክላሆማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኳሱን ጄለን ዊሊያምስ ያመጣው ጀመር፣ ሼይን ቀጥሎ ነው የሚያገኙት። በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫውን የወሰዱት በዚህ ነው አልልም፣ ግን አንድ ሰው ኳስ ከማምጣት ሲያርፍ ምን እንደሚተርፈው ከዛ ተከታታይ የተሻለ ማሳያ አላየሁም።

እሺ፣ ድካሙ ዲፌንሱ ላይ የት ጋ ነው የሚወጣው? አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፊት ለፊት ላይ ነው፣ ደክሞታል ስለዚህ ይታለፋል። እኔ እንደዛ አይመስለኝም። ኳሱ ፊትህ ሲመጣ እልህ አለ፣ ሰው እያየህ ነው፣ በጣም የደከመ ልጅ እንኳን ጉልበቱን አጥፎ ሦስት አራት ሰከንድ ይቆማል። ድካም የሚወጣው ማንም በማያይህ ቦታ ነው።

አንደኛው ያ የኔ ቪዲዮ ነው። ድሮ ፖይንት ጋርድ ማለት ሹት ሲወረወር ወደኋላ የሚቀር ሰው ነበር፣ ሌሎቹ ሪባውንድ ሲጋፉ እሱ ለመልሶ ማጥቃት ጠባቂ ነው። ጫናውን ሁሉ የተሸከመ ጋርድ ግን ሹቱ ሲወረወር የት ነው ያለው? ሪንጉ ስር፣ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ። ራሱ ነዋ የወረወረው። ያ ማለት ምንም ባይደክመው እንኳን፣ ሳንባው እንደ ፈረስ ቢሆን እንኳን፣ ከሁሉም ተጫዋች የበለጠ ርቀት የሚመለሰው እሱ ነው፣ 28 ሜትሩን ሙሉ፣ የያዘው ሰው ደግሞ ከሱ ቀድሞ ተነስቷል። ስለዚህ የኦፌንስ ጫና ዲፌንስ የሚያበላሸው በትንፋሽ ብቻ አይደለም፣ በቦታም ነው። ሰው ይሄን አይቆጥርም። አራት ሰው ለአምስት ሆኖ ተመልሶ አንዱ ባዶውን ሦስት ነጥብ ሲያገባ ስህተቱ እዛ ጥግ ላይ ዘግይቶ የደረሰው ልጅ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ቅድም የወደቀው ጋርድ ላይ አይጻፍም።

ከዛ ላይ ዳኛውን መለመን ሲጨመርበት አስቡት። ሰው ትዕቢት ነው ይለዋል። ትዕቢትም አለው እንጂ፣ ግን እኔ አድርጌው ስለማውቅ ልንገራችሁ፣ እጅህን ዘርግተህ "ፋውል እኮ ነው" ስትል ሁለት ሰከንድ ታርፋለህ። ላለመሮጥ የክብር ምክንያት ነው። ያኔ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር እጣላው ነበር።

ሁለተኛው ስክሪን ነው። ኳስ የያዘውን ሰው የምትጠብቅ ከሆነ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከአንተ በጣም ከሚከብድ ሰው ጋር ስንት ጊዜ እንደምትጋጭ አይቆጠርም፣ ስክሪኑ ሲመጣ ወይ ከላይ በጠባቧ ክፍተት ትከሻህን አስገብተህ ትከተለዋለህ፣ ወይ ከስር ትሾልካለህ፣ ወይ ለጓደኛህ ትቀይራለህ። ከላይ መሄድ ያማል፣ ኃይል ይጨርሳል። ከስር መሾለክ ቀላል ነው፣ ግን ሹተር ከሆነ ቀጣህ። መቀየር ከሁሉም ቀላል ነው። አንደኛ ኳርተር ላይ ከላይ የሚሄድ ጋርድ አራተኛ ኳርተር ላይ ከስር ሲሄድ ካያችሁት አሰልጣኙ እቅድ ቀይሮ ላይሆን ይችላል፣ ልጁ በራሱ ስልጣን ቀይሮት ነው። ድካም እንዲህ ነው የሚሰራው፣ እግርህን አያቆመውም፣ መምረጥ ያስጀምርሃል። ይሄኛውን ልሩጥ ይሄኛውን ልተው፣ ይሄ ሹተር ነው ልድረስበት ያኛው ይሳት። እና ምርጫው በጣም ቶሎ ስለሚሆን ምርጫ አይመስልህም።

ስቲልን (ኳስ መንጠቅን) አስመልክቶ አንድ ነገር ልበል፣ ሰዎች "እንዴ ስቲል ላይ አንደኛ ነው እኮ" ስለሚሉ። አለን አይቨርሰን በ2000-01 በየጨዋታው 42 ደቂቃ እየተጫወተ በአማካይ 31.1 ነጥብና 2.5 ስቲል ነበረው፣ በሁለቱም ሊጉን መርቷል። ስቴፈን ከሪም 2015-16 ላይ በነጥብም በስቲልም አንደኛ ነበር። ጎበዞች ናቸው፣ እጃቸው ፈጣን፣ አይናቸው ፓሱን ከመወርወሩ በፊት ያነባል። ግን ስቲል ለደከመ ጋርድ በጣም ርካሽ የሆነ ዲፌንስ ነው። ቆመህ ትጠብቃለህ ከዛ አንዴ ትዘላለህ፣ ከተሳካ ኳሱም ነጥቡም ያንተ ነው፣ ካልተሳካ ከኋላህ ያለው ረጅሙ ሰውዬ ችግሩን ይወጣዋል። አይቨርሰን ከኋላው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ነበረው። ከጎኑ ደግሞ ኤሪክ ስኖው። አሰልጣኙ ላሪ ብራውን አይቨርሰንን ከፖይንት ጋርድነት አውጥቶ ስኖው ኳሱን እንዲያመጣ፣ ከበድ ያለውንም የተጋጣሚ ጋርድ እንዲይዝ ማድረጉ ለኔ የዛ ቡድን ምስጢር ነው። ያ ሁሉ ነጥብ የተገዛው በስኖው እግር ነው። የስኖውን ፖስተር ግድግዳው ላይ የለጠፈ ሰው ግን አላውቅም።

ይሄ ነገር መደበቅ ይባላል። ጎልደን ስቴት ውስጥ ክሌይ ቶምፕሰን ለዓመታት የተጋጣሚን ፖይንት ጋርድ ሲይዝ ከሪ ቀለል ያለው ሰው ላይ ይሆን ነበር። ሃርደን ጋ ደግሞ ሂውስተኖች የተለየ ዘዴ ነበራቸው፣ ሁሉንም ስክሪን ይቀይራሉ፣ ሃርደን ሰው መከተል ስለማይወድ ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ላይ ይወድቃል፣ እዛ ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው፣ ገፍቶ የሚያነቃንቀው የለም። ሰው እየሳቀበት ኖረ እንጂ ያ እቅድ ብልህ ነበር። ቆሞ መገፋት ከመሮጥ ያነሰ ትንፋሽ ይበላል። 2017-18 ላይ 65 ጨዋታ ያሸነፉት እንደዛ እየተከላከሉ ነው።

መደበቂያው ግን እስከ ፕሌይኦፍ (እስከ ጥሎ ማለፉ) ብቻ ነው የሚሰራው። እዛ ተጋጣሚው የሚጫወተው ከአንድ ቡድን ጋር ነው፣ ሲያጠና ያድራል፣ ከዛ የተደበቀው ሰው የያዘውን ልጅ ጠርቶ ስክሪን ያሰራዋል። የ2016ቱ ፋይናልስ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ጎልደን ስቴትና ክሌቭላንድ፣ 89 ለ89፣ ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቶታል፣ ያኔ ለክሌቭላንድ የሚጫወተውን ካይሪን የያዘው ክሌይ ነው። ጄ አር ስሚዝ መጥቶ ስክሪን ሰራ፣ ተቀያየሩ፣ ከሪ ካይሪ ፊት ቀረ። 53 ሰከንድ ሲቀር የካይሪ ሦስት ገባ። ያንን ኳስ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ከሪ መጥፎ አልሰራም፣ እጁን አንስቷል፣ ቅርብ ነው። ብቻ ያ ሰው ሲዝኑን ሙሉ በአማካይ 30 ነጥብ ሲያስቆጥር የከረመ፣ በዛ ፕሌይኦፍ ጉልበቱን ተጎድቶ የተመለሰ፣ ስክሪን አልባ ሆኖ እንኳን ሁለት ሰው የሚያሯሩጠው ሰው ነው። ክሌቭላንዶች ያንን ስዊች (መቀያየር) ጨዋታውን ሙሉ ሲፈልጉት የቆዩት ለአንድ ሦስት ብቻ አልነበረም። ከሪን ዲፌንስ ላይ ማሰራት በራሱ ኦፌንሱን መቀነስ ነው። መንገዱ በሁለቱም በኩል ይከፈታል።

በሌላኛው በኩል የሄደውን ለማየት ጋሪ ፔይተን አለላችሁ። 1996 ላይ የዓመቱ ምርጥ ዲፌንደር ተባለ፣ ከሱ በኋላ ማርከስ ስማርት በ2022 እስኪወስደው ድረስ ሌላ ጋርድ ያንን ሽልማት አላገኘውም። ስማርት ሲወስደው በኦፌንስ አራተኛ አምስተኛ ሰው ነው፣ ፔይተን ግን 19.3 ነጥብና 7.5 አሲስት እየተሸከመ ነው የወሰደው። ታዲያ በዛው ዓመት ፋይናልስ ላይ ሲያትል ከማይክል ጆርዳን ጋር ሲገናኝ አሰልጣኙ ጆርጅ ካርል ፔይተንን ጆርዳን ላይ አላደረገውም። ፔይተን ባቱ ላይ ተጎድቶ ነበር፣ ኦፌንሱም ያለ እሱ አይሄድም። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። አራተኛው ላይ ፔይተን ጆርዳንን ያዘ፣ ጆርዳን ከ19 ሹት 6 ብቻ አገባ፣ ሲያትል ያንንም አምስተኛውንም አሸነፈች፣ ስድስተኛው ላይ አለቀ። ፔይተን ከመጀመሪያው ቢይዘው ኖሮ የሚለው ክርክር እስካሁን አልሞተም። እኔ ካርልን አልፈርድበትም። የያዝከው ትንፋሽ አንድ ብቻ ከሆነ የት ታወጣዋለህ?

ጁሩ ሆሊዴይ ደግሞ መልሱን በግልጽ የመለሰ ሰው ነው። የ2021 ፋይናልስ አራተኛ ጨዋታ፣ ለሚልዋኪ እየተጫወተ ከ20 ሹት 4 አገባ፣ ይሄን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው አስጠሊታ ምሽት ነበር ይላል። በዛው ምሽት ክሪስ ፖልን ሜዳውን ሙሉ ሲያስጨንቀው አምሽቶ ፖል በ10 ነጥብና በ5 ተርንኦቨር (ያጠፋው ኳስ) ወጣ፣ ሚልዋኪ አሸነፈ። እንዴት? ክሪስ ሚድልተን 40 አስቆጥሮ ነበራ። ሆሊዴይ እግሩን እዛ ሊያፈስ የቻለው ሹቱን ሌላ ሰው ስለተሸከመለት ነው። ሌላ ሰው በሌለበት ቡድን ሆሊዴይም ምናልባት ዳኛውን እየለመነ ይመለስ ነበር። አላውቅም፣ ጸባዩ አይመስልም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ይሄን ሁሉ ስጽፍ የነበረው ጫናው ነው ጥፋተኛው ለማለት ነው፣ ግን ቁጥሮቹ እንደዛ በግልጽ አይናገሩም። ብዙ ኳስ የሚይዙ ጋርዶች ብዙዎቹ አጫጭሮች ናቸው፣ አጭር ሰው ደግሞ ምንም ባይደክመውም ከላዩ ይወረወርበታል። አሰልጣኙ ስለሚደብቃቸው ቀላል ሰው ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ የዲፌንስ ቁጥራቸው ከሆነው በላይ ሊያምር ይችላል። ከ2013-14 ጀምሮ በሁሉም የኤንቢኤ አዳራሽ ካሜራ ተሰቅሎ ተጫዋቹ ኦፌንስ ላይና ዲፌንስ ላይ በአማካይ በምን ፍጥነት እንደተንቀሳቀሰ ለየብቻ ይወጣል፣ ግን ቀስ ያለው ደክሞት ነው፣ ተደብቆ ነው፣ ወይስ ደንታ ስለሌለው ነው የሚለውን ካሜራ አይነግርህም።

ደግሞ ልማድ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሲዝን "አንተ ኦፌንሱን ያዝልን፣ ዲፌንስ ላይ ትንሽ አርፈህ ተጫወት" የተባለ ልጅ የሚቀጥለው ሲዝን ጫናው ቢቀልለትም ማረፉን አይተውም። ሁለተኛው ጋርዳችን ቁርጭምጭሚቱ ድኖ ሲመለስ እኔ ወደ ድሮ ዲፌንሴ አልተመለስኩም። በእርግጥ ትንፋሽ ነበረኝ። ከስክሪን ስር መሾለክ ግን ለምዶብኝ ነበር፣ ማንም ደግሞ "አሁን እኮ አልደከመህም" አላለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ድካም የነበረው ነገር ቆይቶ ስንፍና ሆነ፣ የትኛው ቀን ላይ እንደተቀየረ እኔም አላውቅም።

ባለፈው ያንን ቪዲዮ እንደገና ከፈትኩት፣ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ፣ መከራከሪያ ላገኝበት። ከዛች ሌይአፕ በፊት ኳሱን ስንት ጊዜ በተከታታይ እኔ እንዳመጣሁት ቆጠርኩ። 14 ጊዜ። ደስ አለኝ፣ ይኸው ማስረጃዬ አልኩ፣ 14 ጊዜ አምጥቶ ማን ይሮጣል። ከዛ የመጨረሻዋን ቀስ አድርጌ አየኋት። ኳሱን ይዤ ገና ከሪባውንዱ ስዞር በግራ በኩል አንዱ ልጅ፣ ተቀያሪ ሆኖ የገባው፣ ባዶውን ቆሟል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ስጠኝ እኔ ላምጣው" እያለኝ ነው፣ ማንም አጠገቡ የለም። እኔ ቀና ብዬ አየሁት። ከዛ በእጄ ሂድ፣ ወደ ላይ ሂድ አልኩት፣ እሱም እጁን አውርዶ ሮጠ።